ደህና የነበሩት ወንበሮች

ልደቱ ትራንዚተር ነው። ቀበና ወንዙ ዳር ተወልዶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ልጆቹን አሳድጓል። የዘወትር ሥራው ለብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች ከውጭ የሚመጣውን ውዳቂ ብረት ከጉምሩክ ማውጣት ነበር። ለሌላ ሰው ክምሩ ሁሉ ያው ቆሻሻ ነው። ለእሱ ግን ብረቱ ከናሱ፣ ናሱ ከመዳቡ፣ መዳቡ ከአሉሚኒየሙ ይለያል፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥርና የራሱ ቀረጥ አለው፤ ለጉምሩክ የሚቀርበው መግለጫ፣ ዲክላራሲዮኑ ላይም በስሙ መጻፍ አለበት። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ቢሮው ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው ነገር ነበረው። ቁርጥራጭ የሚባለው ለተሠራበት ነገር ዳግመኛ የማያገለግል ብቻ ነው። ማርጀቱ አይበቃም፣ መዛጉም አይበቃም። የሚሠራ ነገር ቁርጥራጭ አይባልም።

ይህን ሲናገር ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። እውቀቱን ይወዳታል፤ ሰው እንዲያውቅለትም ይወዳል። የሰፈር ሰው ዕቃው ጉምሩክ ተይዞ ሲቸገር ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱም ወረቀቱን ገና ሳያይ «ለእኔ ተወው» ይላል።

ኦቦ ቀጀላንም ያላቸው ይህንኑ ነው። ኦቦ ቀጀላ ከተማው ሳይደርስባቸው ወሰን በሚባለው ሰፈር ገብስና ጤፍ ያርሱ ነበር። መሬታቸው ላይ ቤት ሲበቅል ድንጋይ ፈላጭ ሆኑ፤ አንድ እግራቸውን እዚያው የድንጋይ ካባው ውስጥ ጥለው ወጡ። አሁን የአካባቢው የአካል ጉዳተኞች መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ባሕር ማዶ ሊዘጋ የተቃረበ አንድ ሆስፒታል ያገለገሉ ግን ደህና የሆኑ ዊልቸሮች በኮንቴነር ሞልቶ ሊልክላቸው ተስማምቶ፣ እንዴት እንደሚያስገቡት ግራ ገብቷቸው ነበር ወደ ልደቱ የመጡት።

«የድካሜን አልጠይቅም፤ ለእኔ ይተዉት» አላቸው። ኦቦ ቀጀላ ምርኩዛቸውን ግድግዳ አስደግፈው በሁለት እጃቸው መረቁት።

መንገዱ ግልጽ ነበር። ዊልቸሮቹ ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ልደቱ አንድ ጊዜ ሄደ፤ የጎደለ ነገር አለ ተብሎ ተመለሰ። የጎደለውን ይዞ ሲሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከዚያ በዓል ገባ፤ ከበዓሉ በኋላ የፋብሪካዎቹ ጭነት ተደራርቦ መጣና ደብዳቤው ተረሳ። ኮንቴነሩ ግን አልተረሳም፤ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ የቆይታ ሂሳብ እየቆጠረ ቆመ። ኦቦ ቀጀላ በየጊዜው ይደውላሉ። አያጣድፉትም፣ አይነዘንዙትም። እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ነው ልፋቱ ብለው አመስግነው ይዘጋሉ። ምነው ቢቆጡኝ እስኪል ድረስ ምስጋናቸው ከበደው።

አንድ ቀን ቢሮው ቁጭ ብሎ የአንድ ፋብሪካ ዲክላራሲዮን ሲሞላ ሐሳቡ መጣለት። ለማቅለጫ የሚሄድ ቁርጥራጭ የድጋፍ ደብዳቤ አይጠየቅበትም። ቶሎ ያልቃል። የዊልቸሩ አካል አሉሚኒየም ነው፤ እሱም የቁርጥራጭ ሰው ነው፤ በስሙ የመጣ ኮንቴነር እስከ ውስጡ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ አላየም። ወጥቶ ወሰን ሲደርስ ማን ይጠይቃል? ደግሞስ ለተቸገረ ሰው ነው፤ ማንን ጎዳሁ? ይህን ለራሱ እየነገረ «የአሉሚኒየም ቁርጥራጭ» ብሎ ጻፈ። ለኦቦ ቀጀላ አልነገራቸውም።

ኮንቴነሩ ለፍተሻ ተመረጠ። ፈታሹ ሰርፀ የሚባል ልደቱን ለዓመታት የሚያውቅ ጎልማሳ ነው፤ ከእሱ ብዙ ነገር እንደ ተማረ ለባልደረቦቹ የሚናገር፣ ሲያገኘውም ቆሞ የሚጨብጠው ሰው። በሩ ሲከፈት ዊልቸሮቹ እስከ ጣሪያው በሥርዓት ተደርድረው ታዩ። ሰርፀ አንዱን አወረደ፤ ዘረጋው፤ በእጁ ለቀቅ አደረገው። ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ ድምፅ ሳያሰማ ተንከባሎ ልደቱ አጠገብ ደረሰና ቆመ።

ሰርፀ የጫኝና አውራጆቹን ጆሮ ሸሽቶ ልደቱን ወደ ጥግ ወሰደው።

«ጋሽ ልደቱ፣ ተሳስቻለሁ ብለው ይጻፉ» አለው። «ዕቃው እዚሁ ይቆይ። ደብዳቤውን ያምጡና በስሙ ይግባ። እርስዎ ይቀጣሉ፣ ፈቃድዎም ለጊዜው ሊታገድ ይችላል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ዕቃው ግን ይተርፋል።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ በጻፉት ይጸናሉ። ቁርጥራጭ ነው ካሉ እኛ ባለንበት እዚሁ ይቆረጥና ወደ ማቅለጫው ይሄዳል።»

ልደቱ ፈቃዱን አሰበ። መስታወት ገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የፋብሪካዎቹን ባለቤቶች አሰበ፤ ልደቱ ታገደ ብለው ሲቀባበሉት ታየው። ኦቦ ቀጀላንም አላሰበም ማለት አይቻልም፤ አስቧቸዋል፤ ግን ከሁሉም በኋላ ነው ያሰባቸው። ኋላ ላይ ቀን ከቀን ሲያብሰለስለው የኖረውም ይህ ቅደም ተከተል ነበር።

«ቁርጥራጭ ነው» አለ።

ሰርፀ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰና የሚፈርምበትን ቦታ አሳየው።

ቆራጮቹ በነጋታው የብረት መቁረጫ ግራይንደር ይዘው መጡ። መጀመሪያ አልገባቸውም። ከመካከላቸው አንደኛው ፈገግ ብሎ በስህተት ሌላ ኮንቴነር ተከፍቶ እንደሆነ ጠየቀ። ሲነገረው ፈገግታው ጠፋ፤ እናቱ ከአልጋ ከዋሉ መቆየታቸውን ተናግሮ አንዱን እንዲተውለት ለመነ። አይቻልም ተባለ። ሰውዬው መነጽሩን አጠለቀና እሱም ከሌሎቹ ጋር መቁረጥ ጀመረ። ጎማው ይነቀላል፤ መቀመጫው በምላጭ ይቀደዳል፤ ከዚያ አካሉ ከመካከሉ ለሁለት ይከፈላል። የአሉሚኒየሙ ጩኸት ጥርስ ያፋጫል። ደንቡ ባለጉዳዩ እንዲገኝ ስለሚያዝ ልደቱ ከጥግ ቆሞ አየ። ሲመሽ የተቆለለው በእርግጥ ቁርጥራጭ ነበር። የጻፈው ነገር እውነት ሆነለት።

ለኦቦ ቀጀላ ዕቃው ባሕር ላይ ተጎድቶ፣ ተሰባብሮ ደረሰ፤ የማይጠገን ስለሆነ ወደ ማቅለጫ ተላከ ብሎ ነገራቸው። በስልክ ነው የነገራቸው። ሽማግሌው ያዘነው ልደቱ ይመስል ያጽናኑት ጀመር። ባሕር የጨው በረሃ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ፣ አንተማ የምትችለውን አድርገሃል አሉት። እሑድ ማኅበሩ ስለሚሰበሰብ እንዲመጣም ለመኑት። እምቢ ማለት አቃተው።

እሑድ ሲደርስ በየወንበሩ፣ በየድንጋዩ የተቀመጡት ሁሉ ሊነሡለት ሞከሩ። መነሣት የሚችለው ተነሣ፤ የማይችለው እጁን አነሣ። ኦቦ ቀጀላ ስለ ድካሙ ተናገሩ፤ እግዜር የልቡን አይቷል አሉና አዲስ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣሉበት። የገዙት ሁሉም አዋጥተው ነበር። ልደቱ አንገቱን ደፋ፤ ሰዉ ትሕትና መሰለው። ጋቢው ለስላሳ ነበር።

ሲወጣ ወይዘሮ አሳየች የሚባሉ እናት እጁን ይዘው ቤቴ ካልገባህ አሉት። ቤታቸው ከዚያው ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ሥር ነው። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጫካው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው እያወረዱ የኖሩ ናቸው። ሴት ልጃቸው ሀዊ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መሄድ አትችልም፤ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ትምህርት ቤት ያደረሷት፣ ሐኪም ቤት ያመላለሷት በጀርባቸው ነበር። ጠዋት እንጨት፣ ከሰዓት ልጅ። አሁን ወገባቸው ያደገች ልጅ ማዘል እምቢ ካለ ሰነበተ፤ ሀዊም ከደጅ ከወጣች ቆይታለች።

እናትየው ሊያሳዩት የፈለጉት በሩን ነው። መቃኑ ተነቅሎ እንዲሰፋ ተደርጓል፤ ደረጃው ፈርሶ በቦታው ጭቃና ድንጋይ ተመትቶ እንደ ተዳፋት ሆኗል። የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ወንበሩ እንዲያልፍ። ሀዊ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ ሳቀች።

«እማዬ ቸኩላ ነው፤ አይዘኑ ጋሽ ልደቱ» አለችው። «ሌላ ቢቀር ብርሃን ገባልኝ።»

ልደቱ የሰጡትን ውሃ ሳይጠጣ አስቀመጠው። ያችን ተዳፋት ግድግዳውን ይዞ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሰው ዓይን ማየት ተሳነው። ቤቱ ገብቶ ጋቢውን ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ ባለቤቱ አውጥታ ስታለብሰው ተቆጣት። በመንገድ ላይ ምርኩዝ ሲያይ ይሻገራል። ቆራሌው በሰፈሩ ሲያልፍ፣ ያቺ የለመዳት ጩኸት እሱን የምትጠራው ይመስለዋል። ለአዲሶቹ ሠራተኞች ስለ ቁርጥራጭ ማስረዳት ጀምሮ መሐል ላይ አቋረጠና ሌላ ሰው ያስረዳችሁ ብሎ ወጣ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እውነቱን ለሀዊ ሊነግራት ቆርጦ ወደ ቤቷ ሄደ። ደጁ ሲደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማው። ቆመ። እጁን ለማንኳኳት አነሣ፤ አወረደው። ከዚያ እንደ ሌባ በቤቱ ጎን አልፎ ዳገቱን ያዘ። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ብቻ ወደ ላይ ወጣ። ባሕር ዛፉ መካከል ብዙ ከሄደ በኋላ ወይዘሮ አሳየች ከራሳቸው የሚበልጥ ሸክም አዝለው፣ መሬት መሬት እያዩ ሲወርዱ አገኛቸው።

ሸክሙን ልቀበልዎት ቢል ልብስህ ይቆሽሻል ብለው እምቢ አሉ። ጀርባቸውን ከመንገዱ ዳር ካለ ድልዳል አስደግፈው ሸክማቸውን ሳይፈቱ አረፉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ይመርቁት ጀመር። ልጆችህን ይባርክልህ፣ እንደ ደከምክልን ያቅልልህ። አላስጨረሳቸውም።

«እማማ፣ አይመርቁኝ» አላቸው። «ወንበሮቹን ባሕር አልሰበራቸውም። እኔ ነኝ ያስቆረጥኳቸው።»

ሴትዮዋ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ።»

ልደቱ ሁሉንም ዘርዝሮ ነገራቸው፤ ደብዳቤውን፣ ውሸቱን፣ ሰርፀ የሰጠውን ምርጫ። ፈቃዱ ጋ ሲደርስ፣ እንዲህ ያለ ሸክም ላዘለ ሰው ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ ወረቀት ማውራቱ ራሱ አሳፈረው። ወይዘሮ አሳየች አላለቀሱም፣ አልረገሙትም። ዓይናቸው ግን ከእሱ ላይ ተነሥቶ ወደ ታች፣ ወደ ከተማው ሄደ፤ ዳግም ወደ ፊቱ አልተመለሰም።

«ለልጄ አንተው ንገራት፤ እኔ አልነግርልህም» አሉ። ከዚያ «በል አሸክመኝ» አሉት።

ሸክሙን ከኋላ ደግፎ አስነሣቸው። መንገዱን ቀድመውት ወረዱ።

ያን ዕለት ለሀዊ፣ በማግሥቱ ለማኅበሩ ተናገረ። ማኅበሩ ፊት ቆሞ ሲናገር ማንም አላቋረጠውም። ሲጨርስ ኦቦ ቀጀላ አጠገባቸው ላለው ሰው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉ፤ ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ልደቱ ኦሮምኛ አይሰማም። ምን እንዳሉ አልጠየቀም፤ እንዲተረጎምለትም የሚገባው አልመሰለውም። ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አንድ ወጣት ተነሥቶ ጥሎ ወጣ።

መጀመሪያ የጠየቀችው በሰው ጀርባ የመጣችው ሀዊ ናት።

«ቁርጥራጮቹ የት ናቸው?»

«ማቅለጫው ግቢ።»

«ቀልጠዋል?»

«ከፊሉ ሳይቀልጥ አይቀርም። አላውቅም።»

«የተቆረጠ ይሰፋል፤ የማይሰፋው የቀለጠ ነው» አለች። «ከመቆም ሄደው ይዩ እንጂ።»

ሄደ። የማቅለጫው ባለቤት የዓመታት ደንበኛው ነበር፤ ለምን እንደሚፈልገው ሳይነግረው ማለፍ አልቻለም። ነገረው። ሰውዬው በቁርጥራጩ ላይ ምንም አልተከራከረም፤ ልደቱን ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ጭነት አልሰጠውም። አብዛኛው ወደ እሳቱ ገብቷል። የቀረው ግቢው ጥግ ከድስት ክዳንና ከመስኮት ፍሬም ጋር ተቀላቅሎ ተቆልሏል። ልደቱ እጅጌውን ሰብስቦ በእጁ ለቀመ። የፋብሪካው ሠራተኞች ድሮ በከረባት የሚያውቁት ሰው ክምር ውስጥ ሲቆፍር ቆመው አዩት፤ እጁን ብረት ቆርጦት ሲደማ አንዱ ጨርቅ ወረወረለት።

ወሰን ጋራዥ ያለው ሱፊያን የሚባል በያጅ ነበር፤ አሉሚኒየም በአርጎን ጋዝ ይበይዳል። የመጣለትን ሲያይ ራሱን አከከ። ግራው ከቀኙ አይገጥምም፤ የአንዱ ፊት ከሌላው ኋላ ጋር ካልተዳበለ አይሆንም። ከሦስት ወንበር ስብርባሪ አንድ ቢወጣ ነው አለ። ልደቱ ቀን ቀን ጋራዡ እየመጣ ብረት ያዘለት፤ ሞረደለት፤ ጎማ ፈልጎ አመጣ። ሀዊ የተቀደዱትን መቀመጫዎች በወፍራም ሸራ ሰፋች። በዚህ መካከል ልደቱ ጉምሩክ ሄዶ ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን ማቅረቡን በእጁ ጻፈ። ሰርፀ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና፣ ያን ዕለት ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀምሮ ተወው። ፈቃዱ ታገደ። ወሬው ከቀበና እስከ መገናኛ ለመድረስ አልዘገየም። ባለቤቱ ከሰው ሰምታ መጥታ፣ ለምን ከእኔ በፊት ለሌላው ነገርክ ብላ አለቀሰች።

ተበይደው የወጡት ወንበሮች ከሚፈልጋቸው ሰው እጅግ ያንሱ ነበር። ወገባቸው ላይ የብየዳው ጠባሳ ወፍሮ ይታያል፤ አንዳንዱ ሲነዳ ወደ ግራ ይስባል። ማኅበሩ ዕጣ አወጣ። ለሀዊ ደረሳት። ኦቦ ቀጀላ እኔ በምርኩዜ እዘልቃለሁ ብለው ዕጣ ውስጥ አልገቡም። በዕለቱ የወረዳው እንግዶችም መጥተው ስለ ነበር፣ ኦቦ ቀጀላ ልደቱን ከኋላ ከቆመበት አስጠሩት።

«እነዚህን ወንበሮች ያስቆረጣቸው ይህ ሰው ነው» አሉ። «ለቅሞ ያስበየዳቸውም እሱ ነው። ሁለቱንም እወቁት።»

በድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ምስጋናም አልነበረም። ልደቱ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ መሬት መሬት አየ። አንዳንዶች መጥተው ጨበጡት። ወይዘሮ አሳየች የልጃቸውን ወንበር እየገፉ በአጠገቡ አለፉ፤ ሀዊ እጇን አነሣችለት፤ እናትየው ወደ ፊት እንዳዩ ሄዱ።

ሰዉ ሲበተን ገላው የሚባል ዕጣ ያልወጣለት ሰው በሁለት ክራንች እየተራመደ መጣና ፊቱ ቆመ። ጸጉሩ የሸበተ፣ እግሮቹ ከጉልበት በታች የሰለሉ ሰው ነው። ሊሰድበኝ ነው ብሎ ልደቱ ጠበቀ፤ እንዲያውም ቢሰድበው ይቀለው ነበር።

«ስታስቆርጥ ቆመህ ነበር አሉ» አለው ገላው።

«ቆሜ ነበር።»

«እኔ ቁመቴ ረጅም ነው፤ ለእኔ የሚሆን ትልቅ ወንበር ነበረበት?»

ልደቱ አስታወሰ። ከኮንቴነሩ ጥግ ከሌሎቹ ከፍ ያሉ፣ ጀርባቸው ረጅም የሆነ ጥቂት ነበሩ። ቆመው ሳሉ መቁረጫው ስላልደረሰላቸው በጎን አስተኝተው ነበር የቆረጧቸው።

«ነበረ» አለ።

ገላው ራሱን ነቀነቀ። «ነበረ እንዴ» አለ ለራሱ ያህል። ክራንቹን አስተካክሎ ወደ ታክሲው ሰልፍ አዘገመ። ልደቱ ሊያደርሰው ተከተለው፤ ከጎኑ ሊሄድ ግን አልደፈረም፤ ከኋላው ራቅ ብሎ፣ ሰውዬው ሲቆም እየቆመ ሄደ።